ጥይት ፍለጋ፤ የራጅ መሣሪያ የተፈተነባቸው ዓመታት

የዓድዋ ጦርነት የተደረገበትን ቀን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ለዚያ ቀን 114 ቀን ሲቀረው፣ በዚያው በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት 29 ቀን፣ በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ አንድ የፊዚክስ መምህር በጨለማ ክፍል ውስጥ ስም ያልወጣለት ጨረር እንዳገኘ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አንዱ የነፃነት ታሪክ፣ ሁለተኛው የላቦራቶሪ ታሪክ ስለ ሆነ ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙ አይመስሉም። ዳሩ ግን ከዓድዋ በኋላ በሦስተኛው ወር በናፖሊ የጦር ሆስፒታል ውስጥ ተገናኙ። ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የኢጣልያ ወታደሮች፣ በክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት የት እንዳለ ይታወቅ ዘንድ በዚያ በአዲሱ ጨረር ተመረመሩ። መርማሪው ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ የሚባል የጦር ሐኪም ነበር። ኤክስ ሬይ በጦር ሜዳ ለቆሰለ ሰው ሲያገለግል ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ የሕክምና ታሪክ ይመዘግባል።

እንግዲህ በመላው ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በጨረር የተፈለገው የጦርነት ጥይት ከኢትዮጵያ ምድር የሄደ ጥይት ነው ማለት ነው። ሕዝባችን መሣሪያውን ዛሬም ራጅ ብሎ ይጠራዋል፤ ቃሉ «ራጂ» ከሚለው የኢጣልያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጕሙ ጨረሮች ማለት ነው። የቆሰሉት ወታደሮች የተናገሩበት ቋንቋ የመሣሪያውን ስም ለእኛ ማውረሱ የታሪክ አጋጣሚ ነው።

በኢትዮጵያ ወገን ደግሞ የቆሰለው በሺህ ይቈጠር ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች እስከ አዲስ አበባ መጥተው ብዙ ቁስለኛ አክመዋል፤ ከዚያ አስቀድሞ ግን የቆሰለው ሰው ተስፋ በአገሩ ወጌሻና በመድኃኒት ዐዋቂው እጅ ነበር። የወጌሻው እጅ አጥንት ሲጠግን የሚደነቅ ነው፤ በሥጋ ውስጥ ጠልቆ የገባ እርሳስ ግን በመዳሰስ አይገኝም። ይህን ማለት የአገሩን ሐኪም ማቃለል አይደለም። የኤውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንትም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልነበራቸውም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ የእነርሱ መዳሰስ የባሰ ጕዳት ያመጣ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በኤውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጄምስ ጋርፊልድ አሟሟት ነው። ጋርፊልድ ጁላይ 2 ቀን 1881 በዋሺንግተን የባቡር ጣቢያ በጥይት ተመታ። የከበቡት ሐኪሞች ያልታጠበ ጣታቸውንና ቀጭን የብረት ዘንግ በቁስሉ ውስጥ እየከተቱ ጥይቱን ፈለጉ፤ አላገኙትም። ይህ በሆነ ጊዜ ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እርዳታ ለመስጠት ተነሣ። ብረት ወይም እርሳስ በቀረበው ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ድምፅ የሚያሰማ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አዘጋጀ። ቤል ጠንቃቃ ሰው ስለ ነበረ ወዲያውኑ ወደ ፕሬዚዳንቱ አልጋ አልሮጠም፤ መሣሪያውን አስቀድሞ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቆስለው ጥይት በአካላቸው በቀረባቸው አሮጌ ወታደሮች ላይ ሞከረው፤ መሣሪያውም ጥይቱን አገኘ።

በፕሬዚዳንቱ ላይ ግን በሁለት ቀን ሙከራ፣ ጁላይ 26 እና ኦገስት 1 ቀን፣ የሚረባ ውጤት አልተገኘም። ምክንያቱ ቈይቶ ታወቀ። ፕሬዚዳንቱ በተኛበት ፍራሽ ሥር ሌላ ከብረት ሽቦ የተሠራ ፍራሽ ነበረና መሣሪያው የአልጋውን ብረት ይሰማ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የከፋ ነው፤ ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል እንዳለ አስቀድሞ ስለ ወሰነ ቤል የፈተሸው ያንኑ ወገን ነበር። ጋርፊልድ በተመታ በ79ኛው ቀን ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ጥይቱ በግራ በኩል ተገኘ፤ በዙሪያው ሥጋ ሸፍኖት፣ ራሱ ጥይቱ ሰውዬውን የሚገድል አልነበረም። የገደለው በፍለጋው ጊዜ የገባው መመረዝ ነው። የመሣሪያው አሠራር ትክክል ነበረ፤ የተሞከረበት አኳኋን ግን ጎዶሎ ነበረ። ለሐኪም የሚሆን መሣሪያ በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ መሥራቱ እንደማይበቃ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና እንደሚጠብቀው ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አይገኝም።

ከዚህ በኋላ 14 ዓመት አለፈና ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ጨረሩን አገኘ። ያን ጊዜ ዕድሜው 50 ዓመት ነበር። አየሩ የተመጠጠለትን የመስተዋት ቱቦ በጥቁር ካርቶን ሸፍኖ ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍበት፣ ከቱቦው ራቅ ብሎ የተቀመጠ ባሪየም ፕላቲኖሲያናይድ የተቀባ ወረቀት በጨለማው ውስጥ አበራ። ብርሃን በካርቶኑ ማለፍ አይችልም፤ እንግዲያስ ያለፈው ሌላ ነገር መሆን አለበት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቱቦ በብዙ ዩኒቨርሲቲ ይገኝ ነበር። እንዲያውም በፊላዴልፊያ አርተር ጉድስፒድ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ1890 ሳያስበው የሁለት ሳንቲሞች ጥላ በፎቶግራፍ መስተዋት ላይ ወጥቶለት ነበር፤ ነገሩ አልገባውምና መስተዋቱን አስቀምጦ ተወው። ሮንትገን በተገኘ ጊዜ ያንን መስተዋት ፈልጎ አወጣው፤ ነገር ግን «ያገኘሁት እኔ ነኝ» ብሎ ክብሩን አልተሻማም።

ሮንትገን ያየውን ለማንም ሳይናገር ሰባት ሳምንት ያህል በላቦራቶሪው ውስጥ ተዘግቶ ሠራ። ምግቡን እዚያው በላ፤ እዚያው አደረ። የሠራው ሥራ በመሠረቱ ቀላል ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ ነበር፤ ይህ ጨረር በምን ያልፋል? በምን አያልፍም? አንድ ሺህ ገጽ ባለው መጽሐፍ ፈተነው፤ አለፈ። በካርታ መጫወቻ ክምር፣ በእንጨት፣ በጎማ፣ በመስተዋት፣ በልዩ ልዩ ብረት ፈተነው። 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒዩም ጨረሩን እጅግ አደከመው፤ ፈጽሞ ግን አላቆመውም። 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ እርሳስ ግን አገደው። ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ የኋለኛው ታሪክ ሁሉ በዚህ በእርሳስ ላይ የቆመ ነውና። በሰው ሥጋ ውስጥ የተቀበረ ጥይት የሚታየው እርሳስ ጨረሩን ስለሚከለክል ነው። ሰውንም ከጨረሩ የሚጋርደው ያው እርሳስ ነው። የመጀመሪያውን ሐኪሞች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተረዱት፤ ሁለተኛውን ለመረዳት ግን ብዙ ዓመትና ብዙ ሕይወት ፈጀ።

ዲሴምበር 22 ቀን 1895 ሮንትገን ባለቤቱን አና ቤርታን ወደ ላቦራቶሪው ጠርቶ እጇን በፎቶግራፍ መስተዋት ላይ አስቀመጠና 15 ደቂቃ ያህል ጨረሩን ለቀቀበት። የጣቶቿ አጥንትና በአንዱ ጣቷ ላይ ያለው ቀለበት በመስተዋቱ ላይ ወጡ። ዲሴምበር 28 ቀን ጽሑፉን ለቩርዝቡርግ የፊዚክስና የሕክምና ማኅበር አቀረበ፤ ዕለቱ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 19፣ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነበር። ጨረሩ ምን እንደ ሆነ ገና ስላላወቀ፣ በሒሳብ ትምህርት ለማይታወቅ ቍጥር በሚሰጠው ፊደል «ኤክስ» ብሎ ሰየመው። ጃንዋሪ 23 ቀን 1896 በማኅበሩ ፊት ባስረዳ ጊዜ የአናቶሚው ሊቅ አልበርት ፎን ኮሊከር እጁን ሰጥቶ በጨረሩ ሥዕል ተነሣ፤ ጨረሩም በሮንትገን ስም እንዲጠራ ሐሳብ ያቀረበ እርሱ ነው። ሮንትገን መሣሪያውን ለብቻው ለማድረግ የፈጠራ መብት አልጠየቀም። በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው አስረከበ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፍጥነት ያስደንቃል። ቱቦው፣ የኤሌክትሪክ ጥቅልሉና የፎቶግራፍ መስተዋቱ በየላቦራቶሪው ስለ ነበሩ ወሬውን የሰማ ሁሉ በማግስቱ ሊሞክረው ይችል ነበር፤ ሞከረውም። አልቫሮ በናፖሊ የሠራው ጽሑፉ ከወጣ ገና አምስተኛው ወር ሳይሞላ ወይም ሲሞላ ነው። በ1897 በግሪክና በቱርክ ጦርነት፣ ቀጥሎም በሕንድ ሰሜን ምዕራብ ድንበር መሣሪያው ወደ ጦር ሜዳ ወጣ። ነገር ግን መሣሪያው በእርግጥ ምን ያህል ይረዳል የሚለውን ጥያቄ በቍጥር የመለሰው ሥራ የተሠራው ለአገራችን ቅርብ በሆነ ስፍራ፣ በዐባይ ዳር ነው።

በ1898 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር በሱዳን ላይ ሲዘምት ሰርጀን ሜጀር ጆን ባተርስቢ የተባለ የጦር ሐኪም የራጅ መሣሪያ ይዞ አባዲያ በተባለች የዐባይ ዳር ሰፈር ሆስፒታል ገባ። መስተዋቱ ተሰባሪ፣ ጥቅልሉ ሙቀት የማይችል፣ መንገዱ አሸዋና ነዲድ ነበረ። ባተርስቢ ዕቃውን በወፍራም የሱፍ ጨርቅ ጠቅልሎ ጨርቁን በየጊዜው ውኃ ያርከፈክፍበት ነበር፤ ይህ ውኃ በኮዳ አቀዝቅዞ የሚጠጣ የቆላ መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው ጥበብ ነው። በአባዲያ የኤሌክትሪክ ኀይል የለም። ስለዚህ ለሁለት ሰው የተሠራ ቢስክሌት አምጥቶ የኋላውን ጎማ በቆዳ ቀበቶ ከትንሽ ዲናሞ ጋር አገናኘው። አንድ ወታደር ተቀምጦ ይረግጣል፤ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላል፤ ሲከብደው ሁለተኛው ሰው በፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ያግዘዋል። የሰው እግር የሚሰጠው ኀይል በሽቦ አልፎ የሌላውን ሰው አጥንት የሚያሳይ ጨረር ሆነ። ስለ ኀይል መለዋወጥ ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898) የኦምዱርማን ጦርነት ተደረገ። 121 የእንግሊዝ ቁስለኞች ወደ አባዲያ መጡ። ባተርስቢ ሁሉን በጨረር አላነሣም፤ ይህ ነው የሥራው ብልኅነት። አስቀድሞ እያንዳንዱ ቁስለኛ በቀድሞው ዘዴ እንዲመረመር አደረገ። ከ121ዱ ውስጥ በ21 ሰዎች ላይ ጥይቱን ማግኘትም ሆነ የለም ብሎ ማረጋገጥ አልተቻለም። ራጅ የቀረበው ለእነዚህ ነው። በ20ዎቹ ላይ ነገሩ በትክክል ታወቀ፤ የቀረው አንዱ ሳንባው ክፉኛ የተመታ ስለ ሆነ ለምርመራ አልደረሰም። መሣሪያ «ድንቅ ነው» ተብሎ ሳይሆን፣ ከአሮጌው ዘዴ ጐን ቆሞ፣ ያልተሳካውም ተቈጥሮ ሲመዘን እንዲህ ነው።

ቍጥሩ የሚያስደስት ቢሆንም የማን ቍጥር እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል። በዚያው ቀን በኦምዱርማን ሜዳ ከ10000 በላይ የሱዳን ሰዎች ሞተዋል፤ የቆሰሉትም እንዲሁ ብዙ ነበሩ። ለእነርሱ የተገፋ ቢስክሌት የለም። በናፖሊም፣ በአባዲያም የመሣሪያው መዝገብ የአንድ ወገን ቁስለኛ መዝገብ ነው።

ባተርስቢ በዐባይ ዳር በሚደክምበት በዚያው ዓመት የራጅን ሌላ ጕድለት የሞላ ሰው በእንግሊዝ አገር ተነሣ። ራጅ የሚያሳየው ጥላ ነው። ጥላ ደግሞ ጥልቀት አይናገርም፤ ጥይቱ ከቆዳው በታች ይሁን ከአጥንቱ ጀርባ በጥላው አይለይም። ብዙ ሐኪም የሚያምር ሥዕል ይዞ ሥጋ ከቀደደ በኋላ ጥይቱን አጥቶ አፍሯል። ጄምስ ማኬንዚ ዴቪድሰን የተባለ ሐኪም በ1898 ያወጣው መፍትሔ የተማሪ ቤት ጂኦሜትሪ ነው። ቱቦው ከፎቶግራፉ መስተዋት በታወቀ ከፍታ ላይ ሆኖ ጨረሩ አንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ከዚያም ቁስለኛው ሳይነቃነቅ ቱቦው በታወቀ ልክ ወደ ጐን ይገፋና ሁለተኛ ጊዜ ይለቀቃል። በአንዱ መስተዋት ላይ የአንዱ ጥይት ሁለት ጥላ ይወጣል።

ለምሳሌ ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቱቦው የተገፋበት ልክ 6 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለቱ ጥላዎች መካከል ያለው ርቀትም 1.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከቱቦው ሁለት ቦታዎች ወደ ሁለቱ ጥላዎች የሚወርዱት መሥመሮች በጥይቱ ላይ ተሻግረው ሁለት ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ይሠራሉ፤ የላይኛው መሠረት 6፣ የታችኛው 1.5 ነው። እንግዲህ 60 በ1.5 ተባዝቶ ለ7.5 ሲካፈል 12 ይሆናል፤ ጥይቱ ከመስተዋቱ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል ማለት ነው። ዴቪድሰን ማስላቱን እንኳ ለሐኪሙ አልተወለትም። የሐር ክር ከቱቦዎቹ ስፍራ ወደ ጥላዎቹ ወጥሮ ክሮቹ የሚሻገሩበትን ነጥብ በመለካት የጥይቱን ቦታ በጣቱ ያሳይ ነበር። ሳይኮስ ሊዳብስ የነበረው የሐኪም እጅ ከዚህ በኋላ በልክ ይሄድ ጀመር። «ይህ ሁሉ ሦስት ማዕዘን ለምን ይጠቅመናል?» የሚል ተማሪ በየክፍሉ አለና፣ የዴቪድሰንን ክር በጥቁር ሰሌዳው ላይ መሳል አይከፋም።

እስከዚህ ድረስ የተፈተነው መሣሪያው ጥይት ማሳየት መቻሉ ነው። በሚያየው ሰው ላይ የሚያደርሰው ነገር አልተፈተነም፤ ማንም ስለማያመው፣ ስለማይሸተው፣ ስለማይሞቀው ጕዳት አለው ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነበር። ሐኪሞች ታካሚውን ከማስነሣታቸው በፊት ቱቦው በደኅና መሥራቱን ለማወቅ የገዛ እጃቸውን በጨረሩ ፊት ዘርግተው አጥንታቸውን ያዩ ነበር። በየቀኑ፣ ለብዙ ጊዜ፣ ያንኑ እጅ።

በቶማስ ኤዲሰን ላቦራቶሪ መስተዋት እየነፋ ቱቦ የሚሠራው ክላረንስ ዳሊም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ኤዲሰን በ1896 የተሻለ የሚያበራ መጋረጃ ለማግኘት ብዙ ዓይነት ጨው ሲያስፈትሽ እጁን የሚዘረጋው ዳሊ ነበር። ግራ እጁ ሲቃጠል በቀኙ ቀጠለ። ቁስሉ አልድን አለ፤ ወደ ነቀርሳም ተለወጠ። ሐኪሞቹ አስቀድመው ጣቶቹን፣ ከዚያ ክንዶቹን ቈረጡ። በ1904 በ39 ዓመቱ ሞተ። ኤዲሰን የራጅን ሥራ ፈጽሞ ተወ፤ ጨረሩን እንደሚፈራውም በግልጥ ለጋዜጣ ተናገረ።

ዳሊ ከመሞቱ በፊት ግን እውነቱ ሁለት ጊዜ ተገልጦ ነበር፤ አሳዛኙ ነገር ይህ ነው። የመጀመሪያው በዚያው በ1896 ነው። ኤሊሁ ቶምሰን የተባለ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ስለ ቃጠሎው የሚወራውን ሰምቶ በወሬ ከመከራከር ይልቅ ሊያረጋግጠው ፈለገ። የግራ እጁን ትንሽ ጣት ለሥራው ብዙ የማታስፈልግ ናት ብሎ መርጦ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ለጥቂት ቀናት በጨረሩ ፊት አኖራት። ለጊዜው ምንም አልሆነችም፤ ከቀናት በኋላ ግን አበጠች፣ ቀላች፣ ውኃ ቋጠረች፣ ክፉኛ አመመችው። ቶምሰን ያየውን ጽፎ አስጠነቀቀ። አንዳንዶች ግን ቃጠሎው በቱቦው ዙሪያ ካለው ኤሌክትሪክ እንጂ ከጨረሩ አይደለም ብለው ተከራከሩ።

ይህን ክርክር የዘጋው የቦስተኑ የጥርስ ሐኪም ዊልያም ሮሊንስ ነው። በ1901 ጊኒ ፒግ የተባሉትን ጭራ የሌላቸው የአይጥ ዘመዶች ከመሬት ጋር በተያያዘ የብረት ሣጥን ውስጥ አስቀመጣቸው። ሣጥኑ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ይወስዳል፤ ጨረሩ ግን ያልፋል። በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ጨረር ተለቀቀባቸው፤ በ11 ቀን ውስጥ ሞቱ። ቆዳቸው ላይ ቃጠሎ አልታየም። እንግዲህ ገዳዩ ጨረሩ ራሱ ነው፤ ቃጠሎ ሳይታይም ይገድላል ማለት ነው። ሮሊንስ በዚህ ሳያቆም ቱቦው በእርሳስ ሣጥን እንዲከተት፣ ጨረሩ በሚፈለገው የአካል ክፍል ላይ ብቻ እንዲወርድ፣ ሠራተኛውም ዐይኑን የሚጋርድበት መነጽር እንዲያደርግ መከረ። ሮንትገን ስድስት ዓመት ቀድሞ የለካት ያቺ 1.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ ሥራ ልትጀምር ይገባ ነበር። የሰማው ጥቂት ነው። ሮሊንስ የታወቀ የሆስፒታል ሐኪም አልነበረም፤ በእንስሳ ላይ የታየው በሰው ላይ አይሆንም የሚሉም ነበሩ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን መሣሪያው ከሐኪሙ እጅ ስለማይለይ ሐኪሙ ስለ ክፋቱ መስማት አልወደደም።

በ1936 በጀርመን አገር በሐምቡርግ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ በራጅና በራዲየም ሥራ ሕይወታቸውን ላጡ ሐኪሞች፣ ሊቃውንትና ነርሶች የድንጋይ ሐውልት ተተከለ። ሲመረቅ ከ15 አገር የተሰበሰቡ 169 ስሞች ነበሩበት፤ በኋላም ሌሎች ተጨምረዋል። የዓለም ራጅ ሐኪሞች ስለ መጠበቂያ ሕግ የሚመክር ኮሚቴ ያቋቋሙት በ1928 በስቶክሆልም ባደረጉት ጉባኤ ነበር፤ ጨረሩ ከተገኘ 33 ዓመት ሆኖት ማለት ነው። ያም ሕግ አስቀድሞ የተጨነቀው ለሠራተኛው ነበር። ታካሚው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚነሣ አይጐዳም ይባል ነበር። ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ ባሉ የጫማ ሱቆች ሕፃናት በአዲሱ ጫማ ውስጥ የእግራቸውን አጥንት የሚያዩበት የራጅ ሣጥን እንደ መጫወቻ ተተክሎ መቈየቱ ሰው ምን ያህል ተዘናግቶ እንደ ነበር ያሳያል።

«ጥቂት ጊዜ አይጐዳም» የሚለውን ቃል የፈተነችው አሊስ ስቱዋርት የተባለች የኦክስፎርድ ሐኪም ናት። በ1950ዎቹ በእንግሊዝ በደም ነቀርሳ የሚሞቱ ሕፃናት ቍጥር ጨምሮ ነበር። ስቱዋርት ለጥናቱ ያገኘችው ገንዘብ 1000 ፓውንድ ብቻ ስለ ሆነ አዲስ መሣሪያ ልትገዛ አትችልም፤ የጥያቄ ወረቀት አሳተመች። ሐኪሞች የረሱትን እናቶች ያስታውሱት ይሆናል ብላ አሰበች። ከ1953 እስከ 1955 ባለው ጊዜ ልጆቻቸው በነቀርሳ የሞቱባቸው እናቶችና በዚያው አውራጃ በዚያው ዕድሜ ጤነኛ ልጅ ያላቸው እናቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ በየአውራጃው የጤና ሐኪም ተጠየቁ፤ ምን በላሽ፣ ምን ታመምሽ፣ በእርግዝናሽ ጊዜ ራጅ ተነሥተሻል ወይ? ልጃቸው ከሞተባቸው እናቶች መካከል በእርግዝና ጊዜ ሆዳቸውን ራጅ የተነሡት ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ያህል ሆነው ተገኙ።

የመጀመሪያው ወሬ በ1956፣ ሙሉው ጥናት በጁን 1958 ታተመ። የታወቁ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ ልጇ የሞተባት እናት ምክንያት ስትፈልግ ያልሆነውንም ታስታውሳለች አሉ። ክርክሩ በጎ ክርክር ነው፤ የሰው ትዝታ የማያዳላ አይደለምና። መልሱ የመጣው በ1962 ከአሜሪካ ነው። ብራያን ማክማን የተባለ ሐኪም የማንንም ትዝታ ሳይጠይቅ በሆስፒታል መዝገብ የተጻፈውን ብቻ ይዞ ከ700000 በላይ ልጆችን መረመረ። የስቱዋርት ውጤት በዚያም ጸና። ይህም ሆኖ ነፍሰ ጡርን በራጅ የማንሣት ልማድ ቀርቶ እስኪያልቅ ገና ብዙ ዓመት ፈጀ፤ ሐኪሞቹ ሕፃኑን የሚያዩበት ሌላ ዐይን ያስፈልጋቸው ነበርና።

ያ ዐይን ተሠርቶ ነበር። የስቱዋርት ጥናት በታተመበት በዚያው በጁን ወር 1958 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ፣ ከጆን ማክቪካርና ከመሐንዲሱ ከቶም ብራውን ጋር ሆኖ የሰው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የሆድ ውስጥ እጢ ስለሚታይበት መሣሪያ ጽሑፍ አወጣ። ዛሬ አልትራሳውንድ የሚባለው ነው። ዶናልድ ሥራውን የጀመረው በሆስፒታል አልነበረም። በጁላይ 1955 ከግላስጎው አጠገብ በሬንፍሩ ወደሚገኝ የእንፋሎት ቦይለር ፋብሪካ ሄደ፤ በዚያ ሠራተኞች በወፍራም ብረት ውስጥ ያለ ስንጥቅ በድምፅ ማስተጋባት ይፈልጉ ነበር። በሁለት መኪና ዕቃ መጫኛ ሙሉ በቀዶ ሕክምና የወጣ ልዩ ልዩ እጢ ጭኖ ሄዶ በዚያ መሣሪያ አንድ በአንድ ፈተነው። ጠጣሩ እጢና ውኃ የቋጠረው እጢ የሚመልሱት ድምፅ የተለያየ ነበር። ፋብሪካው ደግሞ ለማነጻጸሪያ እንዲሆን ትልቅ የበሬ ሥጋ አዘጋጅቶ ጠብቆታል።

በዚህ ከተፈተነ በኋላ ነው መሣሪያው ወደ ሰው የቀረበ። ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አንዷ ሆዷ ያበጠ፣ ሐኪሞች የማይድን የጨጓራ ነቀርሳ ነው ብለው ተስፋ የቈረጡባት ሴት ነበረች። ዶናልድ በመሣሪያው ቢያያት የመለሰው ድምፅ በፋብሪካው ውኃ የቋጠረው እጢ እንደ መለሰው ያለ ሆነ። ተቀደደች፤ እጢውም ወጣላት፤ ዳነችም።